የፍትሕ መዝገብን በሂሳዊ ዓይን ማጥናት፦ ለመመረቂያ ጽሑፍ አዘጋጆችና ለተመራማሪዎች የሥራ መመሪያ

የተለመደው የወንጀል ጥናት «ይህ ሰው ለምን ሰረቀ?» ብሎ ይጀምራል። ሂሳዊ ክሪሚኖሎጂ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል። ይህን ድርጊት ወንጀል ያለው ማነው? ከፈጸሙት መካከል የተያዘው የትኛው ነው? ከተያዙት ማን ተከሰሰ፣ ማንስ በምክር ተለቀቀ? የፖሊስ፣ የዐቃቤ ሕግና የፍርድ ቤት መዝገብ በቅድሚያ የሚነግረን መዝጋቢው ምን እንደሠራ ነው፤ ኅብረተሰቡ ውስጥ ምን እንደተፈጸመ የሚነግረን ከዚያ በኋላ፣ ያውም በብዙ ጥንቃቄ ከተነበበ ነው። ሥራው ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

በዚህ ዘርፍ የሚወድቁ ጽሑፎች አብዛኞቹ የሚወድቁት በድፍረት እጦት አይደለም። ጸሐፊው የተቋሙን ቁጥር በጥርጣሬ እያየ የራሱን ድምዳሜ ግን ሳይፈትን ስለሚያሳልፍ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው በአብዛኛው የፈተና ዘዴ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የስሌት ምሳሌዎቹ ደግሞ ለማሳያ ብቻ የተዘጋጁ ቁጥሮች ናቸው።

ጥያቄውን ማጥበብ

«ድህነትና የፍትሕ ሥርዓቱ» የዕድሜ ልክ ሥራ እንጂ የአንድ ጥናት ጥያቄ አይደለም። በአንድ ዓመት ተሠርቶ የሚያልቅ ጥያቄ አራት ነገሮች አሉት፦ አንድ ውሳኔ፣ ያን ውሳኔ የሚሰጥ አንድ አካል፣ የጊዜ ገደብ፣ እና ንጽጽር። ለምሳሌ እንዲህ፦ «በአንድ ፍርድ ቤት በሁለት ዓመት ውስጥ በስርቆት ተከሰው ዋስትና ከተፈቀደላቸው ሰዎች መካከል ገንዘቡን ባለማቅረባቸው ከ7 ቀን በላይ ታስረው የቆዩት ስንት ናቸው? ገንዘቡን ካቀረቡት ይልቅ ክሱን አምነው የመቀጣት ዕድላቸውስ ይበልጣል ወይ?»

ይህ ጥያቄ ዋስትና የተከለከለውንና ዋስትና ተፈቅዶለት መክፈል ያልቻለውን ይለያል። ብዙ ተቋማት ሁለቱንም «የቀጠሮ እስረኛ» ብለው በአንድ ዓምድ ስለሚቆጥሯቸው፣ ዳኛው አደገኛ ነው ያለው ሰውና ኪሱ ባዶ የሆነው ሰው በቁጥሩ ውስጥ አንድ ይሆናሉ። ልዩነቱን ለማውጣት ሪፖርቱ አይበቃም፤ መዝገቡን ራሱን መግለጥ ያስፈልጋል።

ጥያቄው ተጽፎ ሲያልቅ አንድ ፈተና ስጡት። መልሱ «የለም፣ ልዩነት አላገኘንም» ቢሆን ጽሑፉ ሊጻፍ ይችላል? ካልቻለ የያዛችሁት የጥያቄ ምልክት የተለጠፈበት ድምዳሜ ነውና መልሳችሁ አስተካክሉት።

የትኛውን መነጽር?

በሂሳዊ ክሪሚኖሎጂ ስም የሚጠራው ሁሉ አንድ ትምህርት ቤት አይደለም። ቪለም ቦንገር በ1905 ወንጀልን ከኢኮኖሚ ሁኔታ ጋር አገናኘ። ኤድዊን ሰዘርላንድ በ1939 የባለ ሥልጣንና የባለ ሀብት ወንጀል ከጥናት ውጭ መቅረቱን አነሳ። በ1960ዎቹ ሃዋርድ ቤከርና ሌሎች «ወንጀለኛ» የሚለው ስያሜ ራሱ እንዴት እንደሚለጠፍ አጠኑ፤ በ1968 በዮርክ የተጀመረው የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጉባኤ ደግሞ ይህን ከመንግሥትና ከመደብ ጥያቄ ጋር አያያዘው። ካሮል ስማርት በ1976 የሴቶችን ከዘርፉ መረሳት አጋለጠች። በ1980ዎቹ የግራ እውነታውያን የተባሉት የራሳቸውን ወገን ተቹ፦ ድሃው ሰው የእስር ብቻ ሳይሆን የስርቆትና የድብደባም ቀዳሚ ሰለባ ነው፤ ይህን የሚዘል ንድፈ ሐሳብ ለድሃው አይቆምም አሉ። ወደ 2000 አካባቢ የመጡት የጉዳት ጥናት ሰዎች ደግሞ «ወንጀል» የሚለውን ምድብ ትተው ከሥራ ቦታ አደጋ እስከ ብክለት ሰውን የሚጎዳውን ሁሉ እንቁጠር ይላሉ።

አንዱን ዋና አድርጋችሁ ያዙ። የዋስትናውን ምሳሌ የስያሜ ንድፈ ሐሳብ ይዞ የሚያጠና ታስሮ መቆየት ዳኛው ተከሳሹን የሚያይበትን ዓይን እንዴት እንደሚለውጥ ይጠይቃል። የመደብ ትንተና የያዘው የዋስትና መጠን በምን እንደሚተመን ይመረምራል። ጉዳትን የሚቆጥረው የጠፋ ሥራን፣ ያልተከፈለ ኪራይን፣ አሳዳጊ ያጣ ልጅን ይመዘግባል። ሁሉንም በአንድ ምዕራፍ ማጨቅ የተለመደ ስህተት ነው፤ ፈታኞችም ቶሎ ያዩታል።

ንድፈ ሐሳቡ ማስረጃ እንደማይተካም አትርሱ። ዊልያም ቻምብሊስ በ1964 የእንግሊዝ የ1349 የተቅበዝባዦች ሕግ ከታላቁ ወረርሽኝ በኋላ ለባለ ርስቶች ርካሽ ጉልበት ለማስጠበቅ የወጣ ነው ብሎ ጻፈ፤ ጽሑፉ ለዓመታት በየክፍሉ ተነበበ። በ1989 ጄፍሪ አድለር የታሪክ ምንጮቹን አንሥቶ ማስረጃው ያን ያህል አይሸከምም ሲል ሞገተው። «ሕጉ የጠቀመው እገሌን ነው» ማለትና «ሕጉ የወጣው እገሌን ለመጥቀም ነው» ማለት ለየብቻቸው ማስረጃ ይሻሉ። ለሁለተኛው ቃለ ጉባኤ፣ ረቂቅ፣ የደብዳቤ ልውውጥ ያስፈልጋችኋል።

የውሳኔ መሰላል

አንድ ወረቀት ውሰዱና መሰላል ሣሉበት። ከታች ወደ ላይ፦ ድርጊቱ ተፈጸመ፤ አንድ ሰው አየው ወይም ተጎዳ፤ ለፖሊስ አመለከተ፤ ፖሊስ መዘገበው፤ ተጠርጣሪ ተያዘ፤ ዐቃቤ ሕግ ክስ መሠረተ፤ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አለ፤ ቅጣት ተወሰነ፤ ቅጣቱ ተፈጸመ። በየደረጃው አጠገብ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ማን ይወስናል፣ በምን መመሪያ፣ ውሳኔው በየትኛው ቅጽ ላይ ይቀራል። ቅጽ የሌለው ደረጃ (ለምሳሌ ፖሊሱ አስቁሞ አነጋግሮ የለቀቀው ሰው) በመረጃችሁ ውስጥ የማይታይ ነው፤ አድልዎ ካለ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያመቸው እንዲህ ያለው ቦታ ነው።

ከዚያ የያዛችሁት መረጃ ከየትኛው ደረጃ እንደተቀዳ በቀይ አክብቡት። በፍርደኞች መዝገብ ላይ ተመሥርታችሁ «ይህ ቡድን ብዙ ይሰርቃል» ማለት አትችሉም፤ የምትችሉት «በስርቆት ከተፈረደባቸው መካከል ይህ ቡድን ይህን ያህል ነው» ማለት ብቻ ነው። ተጠርጣሪ፣ ተከሳሽና ፍርደኛም በሰንጠረዥ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ረድፎች እንጂ የአንድ ነገር ሦስት ስሞች አይደሉም።

የታችኛው ደረጃ የላይኛውን እንዴት እንደሚያጣምመው በአንድ ምሳሌ እንይ። ፖሊስ የአንዱን ሰፈር ልጆች በደካማ ጥርጣሬ እየያዘ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይልካል እንበል። ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃ የሌላቸውን መዝገቦች ይዘጋል። አሁን የዐቃቤ ሕጉን ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው ለዚያ ሰፈር ልጆች ብዙ መዝገብ ተዘግቶላቸዋልና ተጠቅመዋል ብሎ ይደመድማል። በእውነቱ መዝጋቱ ከታች የተሠራውን በደል የሚያሳይ አሻራ ነው። ስለዚህ አንድን ደረጃ ስታጠኑ ቢያንስ አንድ ደረጃ ወደ ታች ወርዳችሁ ማየት ግድ ነው።

ቁጥር የሚያታልልባቸው ቦታዎች

የቀን ቆጠራና የዓመት ገቢ። ማረሚያ ቤት ውስጥ በአንድ ቀን ያለውን ሰው መቁጠርና በዓመት የገባውን መቁጠር ፈጽሞ የተለያየ ሥዕል ይሰጣሉ። በየዓመቱ 1,000 ሰው ይገባል፤ 900ው ለአንድ ወር፣ 100ው ለ10 ዓመት ይታሰራል እንበል። ሁኔታው ለረጅም ጊዜ ከቀጠለ በማንኛውም ቀን ውስጥ ያሉት አጭር ፍርደኞች 75 (900 በ12 ሲካፈል)፣ ረጅም ፍርደኞች ደግሞ 1,000 (100 በ10 ሲባዛ) ይሆናሉ። በቀን ቆጠራው 93 በመቶው የረጅም ጊዜ ፍርደኛ ነው፤ በዓመት ገቢው ግን 90 በመቶው የአንድ ወር ነው። «እስር ቤቶቻችን በአደገኛ ወንጀለኞች ተሞልተዋል» የሚለውም «እስር ቤት የሚገባው ጥቃቅን ነገር የፈጸመ ድሃ ነው» የሚለውም ከአንድ ተቋም እውነተኛ ቁጥር ጠቅሰው ሊከራከሩ ይችላሉ። በጽሑፋችሁ ሁለቱንም አቅርቡ፤ አንዱን ብቻ ካቀረባችሁ የትኛው እንደሆነ በሰንጠረዡ ርዕስ ላይ ጻፉ።

ታህቱ። ሬሾ ስታሰሉ ከበታች የምታስቀምጡት ቁጥር (ታህቱ፣ ማለትም የምታካፍሉበት) ውጤቱን ይወስናል። በከተማ መሃል የሚፈተሹ መንገደኞችን በነዋሪ ቁጥር ብታካፍሉ በየቀኑ ለሥራ የሚገባውና የሚወጣው ሕዝብ ተረስቷል። በተያዙ ሰዎች ቁጥር ብታካፍሉ ደግሞ ያዡ ራሱ ፖሊስ ስለሆነ ፖሊስን በፖሊስ መለካት ይሆናል። ፍጹም ታህት የለም። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ታህት ሞክሩና ውጤቱ በሁሉም ከጸና ተናገሩ፤ በአንዱ ብቻ ከታየ ይህንኑ ጻፉ።

የፍተሻ ውጤት። ለታህት ችግር ከተፈለጉት መውጫዎች አንዱ ከተፈተሹት ውስጥ ስንቱ ላይ ነገር ተገኘ የሚለው ነው። ከቡድን ሀ 100 ሰው ተፈትሾ በ20ው ላይ፣ ከቡድን ለ 300 ተፈትሾ በ30ው ላይ ተገኘ እንበል። በሀ 20 በመቶ፣ በለ 10 በመቶ ነው፤ ለ የሚፈተሸው በቀለለ ጥርጣሬ እንደሆነ ይጠቁማል። በሌላ በኩል ከተገኘው 50 ውስጥ 30ው (60 በመቶው) ከለ ነው። ተቋሙ ይህን ሁለተኛውን ቁጥር ይዞ «የት እንደምንፈትሽ እናውቃለን» ይላል፤ በቀጣዩ ዓመትም ፍተሻው ወደዚያው ይበረታል። ሁለቱ ቁጥሮች ከአንድ መዝገብ የወጡ ናቸው።

የ10 እና የ20 በመቶው ልዩነት ግን በራሱ አድልዎን አያረጋግጥም። ፖሊሱ ለሁለቱም ቡድን አንድ ዓይነት የጥርጣሬ መስፈርት ተጠቅሞ እንኳ በሀ ውስጥ ነገር መያዛቸው እጅግ ግልጽ የሆነ ጥቂት ሰዎች ካሉ የሀ አማካይ ከፍ ይላል። አማካይ የሚያሳየው የተፈተሹትን ሁሉ ነው፤ አድልዎ የሚኖረው ደግሞ «ልፈትሽ ወይስ ልተው» በተባለበት ጠርዝ ላይ ነው። የፍተሻው ምክንያት በቅጹ ላይ ከተጻፈ መዝገቦቹን በምክንያት ከፍላችሁ በየክፍሉ አወዳድሩ።

ያልተመዘገበው። የተጎጂዎች የቤት ለቤት ጥናት የፖሊስን ክፍተት ለመሙላት የመጣ ነው፤ የራሱ ክፍተት ግን አለው። የአሜሪካው ብሔራዊ ጥናት ዕድሜያቸው 12 እና ከዚያ በላይ የሆናቸውን በቤት የሚኖሩ ሰዎች ብቻ ይጠይቃል፤ ጎዳና የሚያድረውና የታሰረው የለበትም። የእንግሊዝና ዌልስ ጥናት ለብዙ ዓመታት በአንድ ሰው ላይ በአንድ ዓይነት ሁኔታ የተደጋገመን ጥቃት ቢበዛ 5 ጊዜ ብቻ ይቆጥር ነበር። በባሏ በዓመት 50 ጊዜ የተደበደበች ሴት 5 ጊዜ እንደተደበደበች ተቆጠረች ማለት ነው። ምክንያት ተደርጎ የቀረበው ጥቂት ትላልቅ ቁጥሮች ውጤቱን ከዓመት ዓመት እንዳያናውጡት የሚል ነበር፤ ዋጋውን የከፈለው ግን የቤት ውስጥ ጥቃት ቁጥር ነው። ከተመራማሪዎች ትችት በኋላ በ2019 ገደቡ ከፍ እንዲል ተደረገ። ከማንኛውም ጥናት ቁጥር ከመውሰዳችሁ በፊት የቴክኒክ ሰነዱን ከፍታችሁ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ማን አልተጠየቀም፣ የጥያቄው የማስታወሻ ጊዜ ስንት ወር ነው፣ ተደጋጋሚ ጥቃት እንዴት ተቆጠረ።

መዝገብ መግለጥ

ፋይሎችን በቀጥታ የምታጠኑ ከሆነ መጀመሪያ 20 ያህል ፋይል ያለ ምንም ቅጽ አንብቡ። በመዝገቡ ውስጥ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ የምታውቁት በዚህ ነው። ከዚያ የኮድ መመሪያ (በፋይሉ የተጻፈው እንዴት ወደ ሰንጠረዥ እንደሚገባ የሚወስን ሰነድ) ጻፉ፦ ለእያንዳንዱ ዓምድ ትርጉም፣ የሚፈቀዱ እሴቶች፣ ግራ የሚያጋባ ሁኔታ ሲገጥም የሚወሰድ ውሳኔ። «አልተጻፈም» እና «የለም» የተለያዩ ኮዶች ይሁኑ። ተከሳሹ ጠበቃ ይኑረው አይኑረው መዝገቡ ዝም ካለ «ጠበቃ አልነበረውም» ብሎ መሙላት በኋላ የማይታረም ጥፋት ነው።

ናሙናውን ከመዝገብ ቤት ሠራተኛ እጅ አትቀበሉ። ሠራተኛው በቅን ልቦና የተሟሉና ንጹሕ ፋይሎችን ያቀርባል፤ የተበላሸው፣ የጠፋውና ለይግባኝ የወጣው ይቀራል። የመዝገብ ቁጥሮችን ዝርዝር ወስዳችሁ ራሳችሁ በዕጣ ምረጡ። ሲጠየቁ «የለም» የተባሉትን ቁጥሮችም መዝግቡ፤ ከ10 ፋይል 2 ከጠፋ ይህ ራሱ አንድ ውጤት ነው።

ከፋይሎቹ ቢያንስ 10 በመቶውን ሁለተኛ ሰው ለብቻው ኮድ ያድርግ። የመስማማት መጠኑን በመቶኛ ብቻ ማቅረብ አይበቃም። ሁለቱም ኮድ አድራጊዎች 90 በመቶውን «አዎ» የሚሉ ከሆነ በአጋጣሚ ብቻ 82 በመቶ ይስማማሉ (0.9 በ0.9 ሲደመር 0.1 በ0.1)። ስለዚህ 90 በመቶ ስምምነት የሚያምር ቢመስልም የኮኸን ካፓ (በአጋጣሚ የሚመጣውን ስምምነት ቀንሶ የሚለካው መለኪያ) 0.44 ብቻ ይሆናል፤ ይህ ደካማ ነው። ካፓ ዝቅ ሲል ኮድ አድራጊውን ከመቀየር በፊት የኮድ መመሪያውን አስተካክሉ፤ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው።

ወደ ሪግሬሽን (የብዙ ምክንያቶችን ድርሻ ለየብቻ የሚገምት የስታቲስቲክስ ስሌት) ስትሄዱ የሚመጣው ትልቁ ክርክር «የቀድሞ የወንጀል ሪከርድን ተቆጣጠራችሁ ወይ?» የሚለው ነው። ሁለት ቡድኖች እኩል ጥፋት ያጠፋሉ፤ ፖሊስ ግን አንዱን እጥፍ ይከታተላል እንበል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዚያ ቡድን ሪከርድ እጥፍ ይሆናል። ሪከርድን በሞዴሉ ውስጥ ስታስገቡት የቡድኑ ልዩነት ይጠፋና «አድልዎ የለም» ይባላል፤ አድልዎው ግን በሪከርዱ በኩል አልፎ ነው የመጣው። የክሱ ክብደትም እንዲሁ ነው፤ ዐቃቤ ሕጉ የመረጠው አንቀጽ ውሳኔ እንጂ እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ ነገር አይደለም። በሌላ በኩል ሪከርድን ጨርሶ መተው እውነተኛ የባሕርይ ልዩነትን በአድልዎ ስም ማስቆጠር ሊሆን ይችላል። የሚሻለው ሁለቱንም ሞዴል ጎን ለጎን አቅርቦ በመካከላቸው ያለውን ርቀት መተርጎም ነው። አንዱን ደብቆ ለመደምደሚያው የሚመቸውን ማሳየት፣ ከየትኛውም ወገን ቢሆን፣ ያው ማጭበርበር ነው።

የታሰረን ሰው ማነጋገር

በእስር ቤት ውስጥ ስምምነት ነጻ መሆኑ ሁልጊዜ አጠራጣሪ ነው። ተሳታፊው እምቢ ቢል ኃላፊው ምን ይላል ብሎ ያስባል፤ እሺ ቢል ለአመክሮ ይጠቅመኛል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ እንዲህ ያለውን ጥናት የሚገመግም ኮሚቴ ቢያንስ አንድ እስረኛ ወይም የእስረኞች ተወካይ እንዲኖረው ያስገድዳል፤ መሳተፍ በአመክሮ ውሳኔ ላይ ምንም ለውጥ እንደማያመጣም ለተሳታፊው አስቀድሞ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። የእናንተ ኮሚቴ ባይጠይቅም ሁለቱን ነገር ራሳችሁ አድርጉ።

በተግባር፦

1. ተሳታፊ የሚመርጠው የእስር ቤቱ ኃላፊ አይሁን። ማስታወቂያ ለጥፉ ወይም ከስም ዝርዝር በዕጣ አውጡ። ኃላፊው የሚመርጣቸው ወይ ጠባይ ያሳመሩትን ወይ ለእንግዳ ለማሳየት የሚመቹትን ነው።

2. ክፍሉን አስቀድማችሁ እዩት። ዘቡ ሊያይ ይችላል፤ ሊሰማ ግን አይገባም። ይህ ካልተቻለ ስለ እስር ቤቱ አያያዝ አትጠይቁ፤ ቃለ መጠይቁን ወደ ሌላ ርዕስ አዙሩት ወይም ከተፈቱ ሰዎች ጋር አድርጉት።

3. የስምምነት ቅጹን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የማያነብ ሰው አላነብም ብሎ ላይናገር ይችላል።

4. ገና በክርክር ላይ ያለን ተከሳሽ ስለ ተከሰሰበት ድርጊት አትጠይቁ። ለማንኛውም ሰው ያልታወቀበትን ወንጀል በስም፣ በቀንና በቦታ እንዲነግራችሁ አትፍቀዱ። ጀምሮ ከሆነ መቅጃውን አጥፍታችሁ አስቁሙት።

5. ተሳታፊው ለሰጣችሁ ጊዜ የምትከፍሉት ነገር በዚያ ቤት ውስጥ ሰውን የሚያስገድድ እንዳይሆን፣ ከሌሎች እስረኞችም ጋር የማያጣላው እንዲሆን አጣሩ።

አራተኛው ነጥብ የተጋነነ ለሚመስለው ሁለት እውነተኛ ጉዳዮች አሉ። በዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ሪክ ስካርስ ከጥናቱ ጋር በተያያዘ ለምርመራ ጉባኤ (ክስ ይመሥረት አይመሥረት ለሚወስን የዜጎች ሸንጎ) ቃል አልሰጥም በማለቱ በ1993 ለ159 ቀናት ታስሯል። በቦስተን ኮሌጅ የተቀመጡት የሰሜን አየርላንድ የቀድሞ ታጣቂዎች ቃለ መጠይቆች ደግሞ በ2011 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተጠይቀው ከፊሉ ለፖሊስ ተላልፈዋል። ተናጋሪዎቹ የፈረሙት ቅጽ እስኪሞቱ ድረስ ምስጢር እንደሚጠበቅላቸው ይገልጽ ነበር፤ «የአሜሪካ ሕግ እስከፈቀደ ድረስ» የሚለው ገደብ በፕሮጀክቱ ውል ላይ ቢኖርም እነሱ በፈረሙት ቅጽ ላይ አልነበረም። ስለዚህ በቅጻችሁ ላይ «ምስጢርዎ ሙሉ በሙሉ ይጠበቃል» ብላችሁ አትጻፉ። የምትጠብቁት እስከ የት እንደሆነ፣ ፍርድ ቤት ቢያዝዝ ምን እንደምታደርጉ፣ የልጅ ጥቃት ብትሰሙ ለማን እንደምትናገሩ ጻፉ።

ያልተያዘ መረጃ አይወረስም። ድምፁ ወደ ጽሑፍ ከተገለበጠና ከተመሳከረ በኋላ ቅጂው ይጥፋ፤ ቀኑን በሥነ ምግባር ማመልከቻችሁ ላይ አስቀድማችሁ አስፍሩ፣ ምክንያቱም መጥሪያ ከመጣ በኋላ ማጥፋት ራሱ ወንጀል ሊሆን ይችላል። እውነተኛ ስምና የጥናት ስም የሚገናኙበት ዝርዝር በይለፍ ቃል ተቆልፎ ከጽሑፎቹ በተለየ ቦታ ይቀመጥ። ሲታተምም ስም መቀየር ብቻውን አይሸፍንም፤ «በዚያ እስር ቤት ያለች ብቸኛዋ የቀድሞ አስተማሪ» ማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል። ከ5 ሰው በታች የያዘ የሰንጠረዥ ክፍል አጣምሩ ወይም ሰውሩ።

ከተቋም ጋር መዋዋል፣ በተቋም ውስጥ መሥራት

መረጃ የሚሰጣችሁ አካል ውል ያስፈርማችኋል። ከመፈረማችሁ በፊት ስለ ሕትመት የሚናገረውን አንቀጽ ፈልጉ። «ውጤቱ የሚታተመው በተቋሙ ፈቃድ ነው» የሚል ካለ አትፈርሙ። በምትኩ ይህን አቅርቡ፦ ተቋሙ ረቂቁን ለ30 ቀናት አይቶ የሐቅ ስህተትና ሰውን ለአደጋ የሚያጋልጥ መረጃ ካለ በጽሑፍ ያመለክታል፤ መልስ ካልመጣ እንደተስማማ ይቆጠራል፤ ትርጓሜና ድምዳሜ የተመራማሪው ነው። ብዙ ኃላፊዎች ይህን ይቀበላሉ፤ የሚፈሩት በጋዜጣ ድንገት ማየትን ነውና።

የሚመጣው ጫና ሁልጊዜ ከፖሊስ አይደለም። የሰዘርላንድ የ1949 መጽሐፍ የ70 ታላላቅ ኩባንያዎችን የጥፋት መዝገብ ቢያጠናም፣ በስም ማጥፋት ክስ ስጋት የኩባንያዎቹ ስም ወጥቶ ነው የታተመው፤ ሙሉው የወጣው በ1983 ነው። የሂሳዊ አስተሳሰብ ጠንካራ ማዕከል የነበረው በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የበርክሌይ የክሪሚኖሎጂ ትምህርት ቤት በ1976 ተዘግቷል። ከዚህ የሚወሰደው ተግባራዊ ነገር ቀላል ነው፦ ለእያንዳንዱ ስም የተጠቀሰበት ዓረፍተ ነገር የመዝገብ ቁጥርና ገጽ በራሳችሁ ማስታወሻ ይኑር፤ «ተከሷል»፣ «ተፈርዶበታል» እና «በስምምነት ከፍሎ ጉዳዩ ተዘጋ» አይምታቱ።

በምርምሩ ማኅበረሰብ ውስጥ ያለውን ፍትሕም መመልከት ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሂሳዊ ተመራማሪ ይደክማል። በ1990ዎቹ መጨረሻ አካባቢ በአሜሪካ ራሳቸው ታስረው የነበሩ ምሁራን የራሳቸውን የጥናት ዘርፍ ያቋቋሙት ስለ እስር የሚጻፈው ሁሉ ከውጭ በሚመለከት ሰው እጅ በመሆኑ ነው። ካናዳ ውስጥ ከ1988 ጀምሮ የሚወጣ፣ እስረኞች የሚጽፉበት መጽሔትም አለ። የታሰሩ ወይም ታስረው የነበሩ ሰዎች በጥናታችሁ ላይ ከሠሩ ምን ሠሩ ብላችሁ ጠይቁ፦ ጥያቄውን ቀርጸዋል፣ ኮድ አድርገዋል፣ ትርጓሜውን አርመዋል? ይህን የሠራ ሌላ ሰው ቢሆን ደራሲ ይባል ከነበረ እነሱም ደራሲ ናቸው፤ ምስጋና ገጽ ላይ መጣል አያዋጣም። ስማቸው እንዲወጣ መፈለጋቸውን ግን በጽሑፍ አረጋግጡ፤ ለሥራ ሲያመለክቱ አሠሪው ስማቸውን ኢንተርኔት ላይ ይፈልጋልና። መረጃ ለቃሚዎችና ተርጓሚዎችም እንዲሁ ክፍያቸውና የስማቸው ቦታ ሥራው ሳይጀመር ይወሰን።

ረቂቁን ለማን መጀመሪያ ማሳየት?

ሦስት አንባቢ ፈልጉ። አንዱ ቃለ መጠይቅ የሰጣችሁ ወይም በዚያ ሁኔታ ያለፈ ሰው ይሁን፤ «ይህ እንዲህ አይደለም» የሚልበትን ቦታ ምልክት ያድርግ። ሁለተኛው ውሳኔውን በየቀኑ የሚሰጥ ባለሙያ፣ ዳኛ ወይም ዐቃቤ ሕግ፣ ይሁን፤ እሱ የመዝገቡን ቃል በተሳሳተ መንገድ የተረዳችሁበትን ያገኛል። ሦስተኛው ስታቲስቲክስ የሚያውቅና ለርዕሱ ግድ የሌለው ሰው ነው፤ እሱን ማግኘት ከባድ ቢሆንም ከሁሉም ይበልጥ ይጠቅማል። የተጎጂዎች ድምፅ በጽሑፉ ውስጥ መኖሩንም በዚህ ጊዜ ተመልከቱ፤ ስለ እስረኛ ብቻ የተጻፈ የዋስትና ጥናት የተሰረቀበትን ሰው ካልጠቀሰ ጽሑፋችሁን በፈታኞች ፊት ስታቀርቡ የመጀመሪያው ጥያቄ ከዚያ ይመጣል።

ለተሳታፊዎች የሚመለሰው ባለ 2 ገጽ ማጠቃለያ ከጽሑፉ ሕትመት በፊት ይድረስ፤ የአካዳሚ ቃላት የሌሉበት፣ ቁጥሮቹ ከምን ያህል ሰው እንደተወሰዱ የተጻፈበት። እስር ቤት ላሉት በታተመ ወረቀት፣ ስማቸው በማይታይበት ሁኔታ፣ በቤተ መጻሕፍቱ በኩል ላኩ። ማጠቃለያውን አንብቦ መልስ የሚጽፍ ሰው ካለ መልሱን የምትቀበሉበትን አድራሻ በገጹ ግርጌ አስፍሩ።